ከውስጥ ዐሥር፣ ውፍረቱ ሦስት

የካቲት 20 ቀን 2017፣ ሐሙስ

ዛሬም ሞተ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ጉማሬው ከውሃው አንገቱን ብቅ ሊያደርግ ሲል፣ ማሽኑ ድርግም። ስክሪኑ ጠቆረ፣ የማራገቢያው ጩኸት ቆመ፣ እኔና ያቤጽ ተያየን። ምን ይባላል? በየቀኑ በዚያው ሰዓት ለሚሞት ሰው ለቅሶ አይቀመጡለትም።

ማሽኑ ላይ አልፈርድም። የስቱዲዮአችን ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒሱ ደግሞ የማዳበሪያ ጨርቅ። አዳማ በዚህ ወር ከሰዓት በኋላ ሰውንም ያዞራል። ኤሲ አስገቡ የሚለን በዝቷል። የግቢው ቆጣሪ ኤሲና ማሽኑን አብሮ አይችልም፤ አንድ ቀን ሞክረን ጎረቤቱን ሁሉ ጨለማ ውስጥ ከተትነው። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የሚሰጡን ከአንገት በላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣቢያው ለሙከራ የጠየቀን የዐሥራ ሁለት ደቂቃ የልጆች ፊልም ነው፤ ሮቢ ስለሚባል የቆቃ ጉማሬ። ሚያዝያ 20 ካስረከብንና ከወደዱት የዓመት ሥራ አለን። ካላስረከብን ስቱዲዮው ይዘጋል። የያቤጽ አጎት አዲስ አበባ የማስታወቂያ ድርጅት አለው፤ ለሁለታችሁም ቦታ አለኝ ብሏል። ቀዝቃዛ ቢሮ፣ የወር ደመወዝ፣ የሰው ሳሙና ማስተዋወቅ። ያቤጽ "እናስብበት" አለኝ። ታሪኩና ድምፁ የእሱ ሥራ ነው፣ ሥዕሉና እንቅስቃሴው የእኔ። ሦስት ዓመት አብረን ሠርተናል። መሄድ ከፈለገ ይሂድ፤ አዲስ አበባ ቤተሰቦቹ ያሉበት ነው። እኔ የማስበው ስለ ጉማሬው ነው።

የካቲት 23፣ እሑድ

ከአምልኮ ስንወጣ በር ላይ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። አንዷ፣ የጥሩነሽ ልጅ ኢንጂነርነቷን ትታ ጉማሬ ትስላለች አሉ፣ አለች። ሌላዋ "ልጁስ?" አለቻት። አብሯት የሚውለውን ማለቷ ነው። ዘወር ብዬ ጥርሴን አሳየኋቸው። ደንግጠው "ቦንቱዬ፣ እንዴት ነሽ የኔ ቆንጆ" አሉኝ።

  እማዬ የምሳውን ሳህን ስታነሳ፣ ያቤጽ እዚህ ምሳውን የት ነው የሚበላው ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ምን አገባኝ አልኳት። (ሽሮ ቤት፣ ከፖስታ ቤቱ ጀርባ። ሚጥሚጣ አይወድም።)

የካቲት 27፣ ሐሙስ

መፍትሔ ተገኘ! ያቤጽ ካርቶን ተሸክሞ ከአዲስ አበባ መጣ። አንድ ጌም የሚወድ ልጅ ማሽኑን ሲቀይር የሸጠው የውሃ ማቀዝቀዣ ነው፤ ፓምፕ ከነታንከሩ፣ ግራፊክስ ካርዱ ላይ የሚገጠም የመዳብ ብሎክ፣ ራዲያተር፣ ስምንት ፊቲንግ። ሐሳቡ የእኔ ነው። ውሃው የካርዱን ሙቀት ተሸክሞ በግድግዳው ቀዳዳ ይወጣል፣ ራዲያተሩ ከጓሮ በረንዳው ጥላ ሥር ሆኖ ሙቀቱን እዚያ ይደፋል፣ ውሃው ቀዝቅዞ ይመለሳል። ክፍሉ ውስጥ መቀቀል ቀረ።

ካርቶኑ እንደተከፈተ ሁሉንም በሞረድ ጫር ጫር አደረግኋቸው። ያቤጽ ልቡ ሊቆም ምንም አልቀረው። ከራዲያተሩ ቀለም ሥር ቢጫ ወጣ፣ ተመስገን። ነጭ ቢወጣ አሉሚኒየም ነበር፤ አሉሚኒየምና መዳብ አንድ ውሃ ውስጥ ከዋሉ አንዱ ሌላውን ይበላዋል። እንደ አንዳንድ ባልና ሚስት አልኩት። ምነው፣ የማይበላሉም አሉ አለኝ። ስለ ብረት ነው የማወራው አልኩት።

የጎደለው ቱቦ ብቻ ነው፤ የድሮው ደርቆ ወይቧል። ቱቦው የፊቲንጉ አፍ ላይ ይሰካል፣ ከዚያ ዳዶው ከላይ መጥቶ ጨምቆ ይይዘዋል። ስለዚህ ቱቦው ከውስጥ ለአፉ፣ ከውጭ ለዳዶው ልክ መሆን አለበት። በካሊፐር ለካሁ፤ አፉ ዐሥር ሚሊ፣ ዳዶው ዐሥራ ሦስት። ፍራንኮ ሰፈር የስልክ ዕቃ የምትሸጠው ጓደኛዬ ሃፍሳ ነገ ለዒድ ዕቃ ዱባይ ትሄዳለች። በድምፅ መልእክት ላክሁላት። አለቀ ደቀቀ። ኢንጂነር ሲለካ እንዲህ ነው።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

በሩጫ። ሙቀቱ ብሶ ማሽኑ አሁን ከንጋት እስከ አምስት ሰዓት ብቻ ይሠራል፣ ከዚያ ሞት። በዚህ አካሄድ ግንቦትም አያልቅ።

ያቤጽ በረንዳ ላይ ስልክ ሲያወራ "ከፋሲካ በኋላ ይሻለኛል" ሲል ሰማሁት። ምኑ ነው የሚሻለው? አልጠየቅሁም። የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ሊሆን ይችላል።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

ቱቦው መጣ። ጥርት ያለ፣ የሚያምር። አፉ ላይ ጥብቅ ብሎ ገባ። ዳዶው ግን እምቢ። በሳሙና እምቢ። በፈላ ውሃ እምቢ። ለካሁት፤ ከውስጥ ዐሥር፣ ከውጭ ዐሥራ ስድስት።

ደሜ ፈላ። ሃፍሳ ሱቅ ሄድኩ፤ በዒድ ገበያ ጢም ብሏል። ሰው ፊት ጮህኩባት። ዐሥራ ሦስት አይደል ያልኩሽ፣ ቁጥር መስማት ያቅታል ወይ አልኳት። ከንፈሯ በጾም ደርቋል። ቀስ ብላ፣ "እኔ ምንም አላልኩትም፣ የራስሽን ድምፅ ነው ያሰማሁት" አለችኝ። በሩን በኃይል ልዘጋ ወረወርኩት። የመስታወት በር ነው፤ በራሱ ጊዜ ቀስ እያለ ነው የተዘጋው። ያ ሁሉ ሰው በሩ እስኪዘጋ ጀርባዬን ሲያይ ቆየ።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

መልእክቴን መልሼ ሰማሁት። ደግሜ ሰማሁት። "ሃፍሲ፣ ቱቦው ከውስጥ ዐሥር፣ ውፍረቱ ሦስት።"

ዐሥራ ሦስት የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። በእኔ ጭንቅላት ዐሥርና ሦስት ዐሥራ ሦስት ነው። ዱባይ ያለው ሐበሻ ሻጭ ደግሞ ውፍረት ሲባል የቱቦው ግድግዳ መስሎታል፣ ልክም ነው። ግድግዳው ሦስት ከሆነ ወዲህ ሦስት፣ ወዲያ ሦስት፤ ዐሥራ ስድስት። እኔ አንዱን ወገን ረስቼዋለሁ። አማርኛም ጥፋት አለበት፤ ሰውም ወፈረ፣ ግድግዳም ወፈረ፣ ቱቦም ወፈረ፤ ለሁሉም አንድ ቃል። ግን አምስት ዓመት ምህንድስና የተማርኩት እኔ እንጂ አማርኛ አይደለም።

አህያ ነኝ! የጮህኩባት ደግሞ በጾም አፏ።

ለያቤጽ ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሳቀም። "እኔም አብሬሽ ሰምቼዋለሁ፣ ልክ መስሎኝ ነበር" አለኝ። ቢስቅ ይሻል ነበር።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

ከተማውን አካለልኩት። ዐሥራ ሦስት ቱቦ የለም። የቧንቧ ዕቃ ቤቶቹ ሁሉ "ግማሽ ነው ሦስት ሩብ ኢንች?" ይሉኛል። በሚሊ ስነግራቸው በሐዘን ያዩኛል። ከውጭ ቢታዘዝ ከሚያዝያ ያልፋል።

ያቤጽ ቱቦውን በምላጭ እንላጠው አለ። በሕይወቴ እያለሁ አይሆንም። አንዷ ጠብታ ካርዱ ላይ ካረፈች ፊልሙም፣ ስቱዲዮውም፣ ሁሉም ነገር አበቃ። ከዚያ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ማሽኑን አጎቴ ቢሮ ወስደን እዚያ ብንጨርሰውስ አለ። ለጊዜው ነው አለ። ለጊዜው ብሎ አዲስ አበባ የሄደ ምን እንደሚሆን እኔ አላውቅም? ከሄደ አይመለስም።

ማሽኑን ማለቴ ነው።

መጋቢት 21፣ እሑድ

ዒድ። ኬክ ይዤ ሃፍሳ ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሜ ይቅርታ ለማለት ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋብኝ። አላስጨረሰችኝም፤ እጄን ይዛ አስገብታ ሩዝ በሥጋ ከመረችልኝ። ብዪ፣ ውፍረትሽ ሦስት እስኪሆን ድረስ ብዪ አለችኝ። የቤቱ ሰው ሁሉ ታሪኩን ያውቃል። አክስቶቿ ሳይቀሩ ወገባቸውን እየያዙ፣ "የእኔስ ስንት ይሆናል?" እያሉ ተሳለቁብኝ። ሳቄ ባይመጣም ሳቅሁ፣ ቆይቶ መጣ።

ስሸኝ ብቻዋን አገኘችኝ። ልጁ ይሄዳል እንዴ አለች። የቱ ልጅ አልኳት። "በይ እሺ" ብላ በሩን ዘጋች።

መጋቢት 24፣ ረቡዕ

የዛሬውን በወጉ ልጻፈው።

መቂ ሽንኩርት የሚያስጭነው ወንድሜ ደገፋ ትናንት ደወለ። እዚህ የጠብታ መስኖ ዕቃ ቤት አለ፣ ዐሥራ ስድስት የቱቦ ማያያዣ በኬሻ ነው ያለው አለኝ። ዐሥራ ስድስት! በጠዋት አንዱን ፊቲንግና ቁራጭ ቱቦ ኪሴ ከትቼ፣ ለገና የተሰፋልኝን ቀሚስ ለብሼ (የታጠበው እሱ ነበር) መቂ ወረድኩ።

ዕቃው እውነትም በኬሻ ነው። ግን የመስኖው ቱቦ ከውጭ ዐሥራ ስድስት ይሁን እንጂ ግድግዳው ስስ ነው፤ ማያያዣውም ለእሱ የተሠራ ስለሆነ የእኔ ቱቦ ውስጥ አይገባም። አሁንም ያቺ ውፍረት። ደገፋ ፊቴን አይቶ፣ አንድ ከረጢት ቲማቲም አሸክሞ ሚኒባስ ላይ ጫነኝ። ቲማቲሙን ጭኔ ላይ አድርጌ እስከ ዓለም ጤና አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ሰው ሞቶባት ነው ብለው ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። አላስተባበልኩም።

ቆቃ ስንደርስ ጎማችን ፈነዳ። ሾፌሩ እያንቀራፈፈ ከመንገዱ ዳር ያለ ጎሚስታ አገባን። ባለቤቱ ጋሽ ገመዳ ይባላሉ፣ ጎማውን ፈተው እንደ ቂጣ ያገላብጡታል። እኔ ጥላ ፍለጋ ኮምፕሬሰሩ አጠገብ ቆምኩ። የንፋሱ ጎማ ቱቦ ከኮምፕሬሰሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ አንዲት ቢጫ ነገር አለች። አንድ ወገኗ ጥርስ ያለው ብሎን፣ ሌላ ወገኗ ረጅም ጅራት፣ ቱቦው ጅራቷ ላይ ተሰክቶ በፋሸታ፣ በብረት መታጠቂያ፣ ታንቋል። ዳዶ የለም።

ቆሜ ቀረሁ። ዳዶው ምን ያደርግልኛል? ከውጭ ያለው ልክ የሚያስጨንቀኝ ዳዶው ስላለ ብቻ ነው። ከውስጥ ዐሥር ከሆነ፣ ጅራቷም ዐሥር ከሆነች፣ ከውጭ በፋሸታ ያነቁት ቱቦ ዐሥራ ሦስት ሆነ ሃያ፣ ማን ይጠይቀዋል?

ጋሽ ገመዳን እንዲህ ያለ ትርፍ አለዎት ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ለምንሽ ነው አሉ። ለኮምፒዩተር አልኳቸው። ሥራቸውን አቁመው አዩኝ።

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ኮምፒዩተርም ይነፋል እንዴ?"

ተሳፋሪው አውካካ። ይሳቅ። ጋሽ ገመዳ ሳቃቸው ሳያልቅ የብሎን ጣሳቸውን ፊት ለፊቴ ገለበጡልኝ፣ እኔም በገና ቀሚሴ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጬ መልቀም ጀመርኩ። የመጀመሪያዋን ከኪሴ ፊቲንግ ጋር ጥርስ ለጥርስ ገጥሜ ወደ ብርሃን አነሳሁ። ጥርሳቸው ተገጣጠመ፣ አንድ ክር ብርሃን አያሳልፍም! ግን ወደ ጫፏ እየቀጠነች የምትሄድ ዓይነት ናት። እሷን የፕላስቲክ ታንከር ላይ ካጠበቋት እንደ ሽብልቅ ትሰነጥቀዋለች። ጣልኳት። ረዳቱ እንሂድ እያለ ይጮሃል። ሁለተኛዋም ቀጭን ጫፍ። ከታች፣ ቅባት ውስጥ፣ ቀጥ ያለች አገኘሁ፤ አንገቷ ጠፍጣፋ፣ ለኦሪንግ፣ ለጎማ ቀለበቱ፣ የሚሆን መቀመጫ ያላት። ቁራጭ ቱቦዬን ሰካሁባት። ጭርር ብሎ ገባ። በሁለት እጄ ጎተትኩት፣ አልወጣም። ሾፌሩም ጎተተ፣ አልወጣም።

ጮህኩ። ምን ብዬ እንደጮህኩ አላስታውስም። ቅድም ከንፈር የመጠጡልኝ ሴትዮ "እልልል" አሉ፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቁ። ጋሽ ገመዳ ዕቃዋን አገላብጠው አዩና፣ ይሄማ ሩብ በዐሥር ነው፣ ጥርሱ ሩብ ኢንች፣ ጅራቱ ዐሥር፣ አዳማ ሞልቶልሻል አሉኝ። ገንዘብ አልቀበልም አሉ። ገለቶማ ብዬ ግማሹን ቲማቲም ትቼላቸው መጣሁ።

ቀሚሱ አይለቅም። ይቅርብኝ!

መጋቢት 25፣ ሐሙስ

ስቱዲዮአችን ካለበት መንገድ ማዶ የኮምፕሬሰር ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ አለ። ሦስት ዓመት በፊቱ አልፌያለሁ። "ቀጥ ያለ፣ ሩብ በዐሥር፣ ስምንት ፍሬ፣ ከነፋሸታው" አልኩት። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ከመሳቢያው ቆጥሮ ሰጠኝ። ስሙን ላላወቀ ዕቃው የለም፤ ስሙን ለጠራ መሳቢያ ሙሉ ነው።

በሞረድ ጫርኳቸው። ቢጫ። ሁሉም።

መጋቢት 27፣ ቅዳሜ

ገጠምን። የሞላነው የመኪና ባትሪ ውሃ ነው። ያቤጽ የቧንቧው ምን አለበት ሲለኝ ጥርሴን አሳየሁት። ይህን ያበለዘ ውሃ ማሽኔ ውስጥ አይገባም አልኩት። ጥርሴን አይቶ፣ እኔ ምንም አይታየኝም አለ። መብራቱ ደካማ ነበር።

ማሽኑን ሳናበራ ፓምፑን ብቻ ለቀቅነው፤ በየፊቲንጉ ሥር ሶፍት አነጠፍን። ውሃው ሮጠ፣ አረፋው ተንጎራጎረና ጠራ። ከዚያ አንዷ ሶፍት ጠቆር አለች።  ፈታሁት፤ ኦሪንጉን ሳላስገባ ነው ያጠበቅሁት። እኔው። አስገባሁ፣ አጠበቅሁ፣ ደረቅ ሶፍት። ጠዋት ጀምረን ማታ ድረስ ሶፍት ስንዳስስ ዋልን፣ እንደ ገንፎ ጠባቂ ጎንበስ እንዳልን። ደረቅ። ሁሉም ደረቅ።

ሌላም አየሁ። ቱቦው በግድግዳው ቀዳዳ ሲታጠፍ ቅልጭ ያለ ቅስት ነው የሠራው። የድሮውን፣ ዐሥራ ሦስቱን፣ እዚያው አጥፌ ሞከርኩት፤ እጥፍ ብሎ ታነቀ፣ ውሃ አያሳልፍም። ለካ እኔ የፈለግሁት መጥቶልኝ ቢሆን ኖሮ አይሠራም ነበር! ለሃፍሳ ደውዬ ነገርኳት። ታዲያ ኮሚሽኔስ አለችኝ።

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

ስምንት ሰዓት። ጣሪያው ይንጣጣል። ካርዱ ሃምሳ ስምንት ዲግሪ። እየሠራ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት። ሃምሳ ዘጠኝ። እየሠራ ነው!!

ሮቢ ከውሃው ወጣ። ሙሉ ጉማሬ፣ ከነጭራው። ያቤጽ ወንበሩ ላይ ቆሞ አጨበጨበ። ወንበሩ ተሰበረ።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ያቤጽ ከዓርብ ጀምሮ አዲስ አበባ ነው። ዶሮውን ጥዬ ሁለቴ ስቱዲዮ ደርሼ መጣሁ፤ ማሽኑን ለማየት። ደህና ነው። እማዬ ወዴት ነው አላለችኝም።

እንኳን አደረሰህ ብዬ አልጻፍኩም፤ ስልኬ ባትሪ አልነበረውም። ነበረው። ማታ እሱ ጻፈልኝ። አጎቴ ቢሮውን አሳየኝ አለ። ጥሩ ነው ወይ አልኩት። "መስኮቱ አይከፈትም" ብሎ መለሰ። ኤሲ ስላለ ነዋ አልኩት።  ይህን ምን ይሉታል? ጥሩ ነው ማለቱ ይሁን መጥፎ ነው ማለቱ አልገባኝም፤ ሰው እንደ ሰው አይናገርም?

ሚያዝያ 19፣ እሑድ

አለቀ። ዐሥራ ሁለት ደቂቃ፣ አንድም ፍሬም ሳይጎድል፣ ቀኑ ሳይደርስ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተቀምጠን አየነው። ያቤጽ የሮቢን እናት ድምፅ የቀዳው ከሃፍሳ ነው፤ ለካ ሳይነግረኝ ሱቋ ሄዶ ለምኗት ኖሯል። እናቲቱ ልጇን ስትጠራ አለቀስኩ። እኔ የሳልኳት ጉማሬ እኔን ታስለቅሰኝ? ዐይኔን ላብ ነው አልኩት። አዎ፣ ዛሬ ይሞቃል አለ። እሱም ይጠርግ ነበር።

ላክነው።

ሚያዝያ 24፣ ዓርብ

ወሰዱት! የጣቢያው ኃላፊ ራሷ ደወለች። ዓመቱን ሙሉ፣ በየሁለት ሳምንቱ አንድ። ልጆቿ ሮቢን አራት ጊዜ አስደግመው አይተዋል አለች። ስልኩን ዘግቼ ግቢው ውስጥ ዞርኩ፣ ከዚያ እንደገና ዞርኩ። ሰላምታ ከአንገት በላይ ይሰጡን የነበሩት ጎረቤቶች ሁሉ አቀፉኝ። ሃፍሳ ሱቋን ዘግታ መጣች። እማዬ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ስቱዲዮአችንን ረገጠች፤ ቱቦውን በጣቷ ነክታ፣ ይሄ ነው እንዴ ያስለቀሰሽ አለች። ይዛ የመጣችው ምሳ የሦስት ሰው ነው።

አሸንፌያለሁ። ማንም ቢያነበው አላፍርም፤ አሸንፌያለሁ። አዳማ ላይ፣ በቆርቆሮ ሥር፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ።

ሰው ሁሉ ሲሄድ ያቤጽ ቀረ። ራዲያተሩ አጠገብ በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ለአጎቱ ደውሎ አልመጣም እንዳለው ነገረኝ። መቼ ነው የደወልከው አልኩት። በፋሲካ ማግሥት አለኝ። ማለት ፊልሙ ሳያልቅ፣ ጣቢያው ሳይወስደው። እብድ ነህ አልኩት።  ፍራንኮ አካባቢ የሚከራይ ቤት አየሁ አለኝ፤ ሁለት ክፍል፣ ከነማዕድ ቤቱ።

"ለአንድ ሰው አይበዛም?" አልኩት።

"ለአንድ ሰውማ ይበዛል።"

"መቼ ነው የምናየው?" አልኩት።